ከኋላ ለቆመው የሚናገር ሰው

የቴሌቪዥን ስፖርት ኮሜንታተር ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ስክሪኑን ለማያየው ሰው መናገር። በዚህ የማይስማሙ ወዳጆች አሉኝ። "ምስሉ እያለ ምን ያስለፈልፈዋል? ዝም ቢል አይሻልም?" ይሉኛል። ደብረ ማርቆስ በተገናኘን ቁጥር ቡና ይዘን ስንት ጊዜ ተከራክረናል። እነሱ ያደጉት በየቤቱ ቴሌቪዥን ከገባ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ በሚታደምበት ዘመን፣ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። ልዩነታችን ከዚያ ይመጣል መሰለኝ።

ደምሴ ዳምጤን ለማታውቁ ልጆች ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የስፖርት ጋዜጠኛ ነበር። ዛሬ በሕይወት የለም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስሙን ሲሰማ ቀድሞ የሚመጣለት የ1980ው የሴካፋ ዋንጫ ነው። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ። 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸነፍን። ያን ቀን ያስታወሰ ሁሉ ከዋንጫው ጋር የደምሴን ድምፅ አብሮ ያስታውሳል፤ ሁለቱን መነጠል አይቻልም።

እኔ ያን ጨዋታ የተከታተልኩት ማርቆስ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው። ልጅ ነበርኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከፊት አግዳሚ ወንበር ያገኙት ያያሉ፣ መሃል ያሉት በትከሻ በትከሻ መካከል ይሰርቃሉ፣ ከኋላ የቆምነው ደግሞ የሰው ጀርባ ነው የምናየው። መስኮት ላይ የተንጠለጠሉም ነበሩ። መለያ ምቱ ሲመታ ከፊቴ የነበረው የአንድ ትልቅ ሰውዬ ካፖርት ነው። ኳሷ መረብ ስትነካ እኔ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ከዚያ አዳራሹ ተናወጠ፤ ማን እንዳነሳኝ ሳላውቅ አየር ላይ ነበርኩ።

እስኪ አስቡት። ያን ቀን በመላው አገሪቱ ስንት ሰው ነው እንደኔ ከሰው ጀርባ የቆመው? ፊት የተቀመጠውም ቢሆን ጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ የሁለቱም ቡድን ማልያ ግራጫ ነው። ማን ከማን እንደሆነ የሚለይለት ሰው ይፈልጋል። ኮሜንታተሩ "በስክሪናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ የምታጠቃው ኢትዮጵያ ናት" ሲል ዛሬ ለምን እንደሚያስፈልግ ላይገባን ይችላል። ያኔ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሌለች ጨዋታው የለም።

ልማዱ የመጣው ከሬዲዮ ነው። ታሪኩን ስናስብ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። በእግር ኳሳችን ትልቁ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል ሆኖ፣ እነ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ተሰልፈው፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ዋንጫውን ጃንሆይ ሰጡ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ግን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ፣ አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ሲያስገብር የኛ ሰው ያን የሚያይበት ስክሪን አልነበረውም። እንግዲህ ትልልቆቹ ድሎቻችን መጀመሪያ የደረሱን በቃል ነው። ሬዲዮ ያለው ከሬዲዮ ሰማ፣ የሌለው ከሰማው ሰው ሰማ። የሬዲዮ ስፖርት ሲነሳ የነሰለሞን ተሰማ ስም ቀድሞ የሚጠራው በከንቱ አይደለም፤ ይህ ሕዝብ ስፖርትን በጆሮው ማየት የለመደው ከነሱ ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ የደምሴ ትውልድ ያን ልማድ ይዞ ገባ። ምስል ተጨመረለት እንጂ ሰሚውን አልረሳም።

ይህን ሁሉ የማምነው ግን በታሪክ ምክንያት ብቻ አይደለም። አጎቴ ናቸው ያስተማሩኝ።

ጋሼ ነበር የምንላቸው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ሁለት ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ትንሽ ልጅ ሆነው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ በኋላ ከተማ መጥተው የስልክ ኦፕሬተር ሆኑ። ጡረታ እስኪወጡ በዚያ ሥራ ነው የኖሩት። አንድ ጊዜ በስልክ የሰሙትን ድምፅ ከዓመት በኋላ ይለዩታል። ኳስ ወይም ሩጫ ባለ ቀን ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከሁሉም ቀድመው ይቀመጣሉ። እናቴ "ጋሼ ኳስ ሊያዩ መጡ፣ ወንበር አምጡ" ትለናለች። ሊያዩ። ማንም ቤት ውስጥ ያን አነጋገር ያረመ የለም፤ በእርግጥም ያዩ ነበርና።

ጋሼ ኮሜንታተሮችን በሁለት ይከፍሏቸው ነበር። "ይኼ ያያል" እና "ይኼ አያይም"። ደምሴ ያያል። አንዳንዱ ደግሞ ሜዳው ዳር ተቀምጦም አያይም። አያይም የሚሉት ስለ ተጫዋቹ የትውልድ ቦታና ስለ ክለቡ ታሪክ እያወራ ኳሷን የሚረሳውን ነው። ሕዝቡ በድንገት ሲጮኽና ኮሜንታተሩ ቃል ሳይተነፍስ ሲቀር ይቆጣሉ። "ምነው ዝም አለሳ? ኳሷ ወጣች እንዴ? ኧረ አንተ ልጅ ንገረኝ!" እኔ እነግራቸዋለሁ። ግን እኔ እስክነግራቸው ነገሩ አልፏል። ኳስ ደግሞ አይጠብቅም።

ከእሳቸው አጠገብ ተቀምጬ ምን ምን እንደሚፈልጉ አጠናሁ። ኳሷ የት እንዳለች ይፈልጋሉ፤ "መሃል ሜዳ" ማለት በቂ ነው፣ "ያዛት" ብቻ ማለት ግን አይበቃም። ማን እንደያዛት በስም። ውጤቱና ደቂቃው ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንዲነገራቸው ይሻሉ፤ ከገበያ ዘግይቶ ለገባ ጎረቤትም ይኸው ይጠቅመዋል፣ በር ላይ ቆሞ "ስንት ለስንት ናቸው?" ብሎ ሰው ከመረበሽ ያድነዋል። ከዚያ በተረፈው ጊዜ ኮሜንታተሩ የፈለገውን ታሪክ ይንገራቸው፣ በደስታ ይሰማሉ። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ። ኳሷ ትቅደም።

በዚህ ዓይን ስታዩት የኮሜንታተር ሙያ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባችኋል። ሰላሳ ዓመት ይሠራበት የነበረ ሰው ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስም ሲያጠና ኖሯል ማለት ነው። የኛዎቹን ያውቃቸዋል እንበል። የዚምባብዌን አሥራ አንድ ተጫዋች፣ ተቀያሪውን ጨምሮ፣ በአካሄድና በቁመት፣ በፀጉር አቆራረጥ ለይቶ በቅጽበት መጥራትስ? አሰላለፉ የሚደርሰው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ማልያ ላይ ያለው ቁጥር ከሩቅ አይነበብም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ኮሜንታተሩ ስታዲየም ውስጥ የለም፤ ስቱዲዮ ተቀምጦ እኛ የምናየውን ያንኑ ምስል እያየ ነው የሚያስተላልፈው። ካሜራው ካላሳየው እሱም አያይም። ይህን የማያውቅ ሰው "ተሳሳተ" ብሎ ይስቅበታል። ጋሼ ግን አይስቁም ነበር። ስም ተሳስቶ ወዲያው ያረመ ሰው ይወዳሉ፤ "ታማኝ ነው" ይላሉ።

ሩጫ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አሥር ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው። ለወንዶች 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ሃያውን ዙር ላልለመደ ሰው ምንም የማይሆን ነው የሚመስለው። ጥሩ ኮሜንታተር የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ዙሩ በስንት ሰከንድ እንደተሄደ፣ ማን እንደሚመራ፣ የኛዎቹ ስንተኛ ላይ እንደተቀመጡ፣ ማን ተቆርጦ እንደቀረ እየነገረ ያቆይሃል። ድምፁንም ይቆጥባል። ጎጃም ውስጥ ሠርግ ላይ ሽለላና ቀረርቶ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ገና ሲነሳ ድምፁን ጣራ ያደረሰ ፎካሪ "ዘራፍ" ሲል የሚጨምረው ነገር የለውም። ኮሜንታተርም በአሥረኛው ዙር ከጮኸ ደወል ሲደወል ጉሮሮው ባዶ ነው።

ሲድኒን ልንገራችሁ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ደመራ ነገ ሊባል፣ እኛ ጋ ቀትር ገደማ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት። ቴርጋት ቀድሞ ፈተለከ፣ ኃይሌ ተከተለው፣ ቀጥታው መንገድ ላይ ተያያዙት፣ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ድረስ ቴርጋት ፊት ነበር። ኃይሌ ያሸነፈው በ0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች መቶ ሜትር አንደኛና ሁለተኛውን የለያቸው 0.12 ሰከንድ ነበር። ከአሥር ሺህ ሜትር በኋላ የቀረው ልዩነት ከመቶ ሜትሩ ያነሰ ማለት ነው! ዓይን ያለን ሰዎች ሁላችን ማን እንዳሸነፈ አላወቅንም፤ ሁላችንም ለአንድ አፍታ እንደ ጋሼ ሆንን። የሁላችን ጆሮ የተተከለው ኮሜንታተሩ ላይ ነው። ያን ጊዜ የሰውየውን ሸክም አሰብኩ። ቶሎ ተናግሮ ቢሳሳት አገር ያሳዝናል፣ ቢዘገይ አገር ልቡ ይቆማል። የኃይሌ ስም ሲጠራ ጋሼ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ደጋግመው መቱት። "አለኝ! አለኝ!" እያሉ።

ባርሴሎናም አለች። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ የተያዘ ዕለት፣ ምሽት ላይ። ደራርቱ ቱሉ ገና 20 ዓመቷ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን በመጨረሻው ዙር ጥላ ሄደች፤ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ ሁለቱ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ምስሉን ያየነው ሁላችን ነን። ግን ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ ኦሊምፒክ ላይ ቆማ እንደማታውቅ፣ ያቺ ነጭ ልጅና ያቺ የአርሲ ልጅ አብረው መዞራቸው ምን ማለት እንደሆነ የሚነግርህ ሰው ከሌለ ሁለት የደከማቸው ሯጮች ናቸው። እዚህ ላይ የኮሜንታተር ቃል ለሚያየውም ያስፈልጋል። ጋሼ ሲነገራቸው ቆይተው "ነጯ ጥቁሯን አቀፈቻት ነው የምትሉኝ?" አሉ። አዎ አልናቸው። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ስለ አንጋፋ ኮሜንታተር ሳስብ ግን ከድሉ በላይ ልቤን የሚነካው ሽንፈቱ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን በ1974 ሊቢያ ላይ ከተሳተፈ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በ2005 ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት! ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን ስናልፍ፣ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ባስቆጠርናቸው የሜዳ ውጪ ጎሎች ነው የዳንነው። እስቲ በዚያ ሰላሳ አንድ ዓመት መካከል የሠራውን ጋዜጠኛ አስቡት። መሃል ላይ እንደ 1980ው ያለ የደስታ ቀን ይመጣል። የቀረው ጊዜ? በማጣሪያ መውደቅ፣ በመጨረሻ ደቂቃ የሚገባ ጎል፣ "ለቀጣዩ እንዘጋጃለን" የሚል አሰልጣኝ። ሰውየው ግን በሚቀጥለው ጨዋታ ማይኩን ይዞ እንደገና "ተመልካቾቻችን እንደምን ዋላችሁ" ይላል። ድምፁ ውስጥ ተስፋ መኖር አለበት፤ ውሸት ደግሞ መኖር የለበትም። ሁለቱን አስማምቶ ዓመታት መዝለቅ ትልቅ ችሎታ ነው፤ በቂ ምስጋና ያገኘበት አይመስለኝም። ተጫዋቹ አሥር ዓመት ተጫውቶ ይወጣል፣ አሰልጣኙ ይባረራል፣ መንግሥት ይለወጣል፤ ሰው ከቡድኑ ጋር አያይዞ የሚያውቀው ድምፅ ግን ያው አንድ ነው።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ነበርኩ። ኢትዮጵያ ከኮትዲቯር። እንግዶቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አገቡብን። ከዚያ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገን፣ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፣ 2 ለ 1 አሸነፍን። የስታዲየሙን ጩኸት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል፣ እተወዋለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። አጠገቤ ከመራዊ የመጣ ሰው ተቀምጧል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሜዳው ፊቱ ላይ ተዘርግቶ! ጠየቅሁት። "ዓይኔ ኳሷን ያያል፣ ማን እንደመታት የሚነግረኝ ግን እሱ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። በሜዳውና በእኛ መካከል የመሮጫ መም አለ፤ ከዚያ ርቀት ሁሉም አንድ ዓይነት ልጅ ነው። ዞር ብዬ ሳይ እንደሱ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ብዙ ነው።

ለዚያ ነው በዲኤስቲቪ ቤት የምሰማው ነገር የሚያሳስበኝ። በ2013 የአገራችን ሊግ በዲኤስቲቪ መተላለፍ መጀመሩ፣ የእንግሊዝ ኳስም በአማርኛ ኮሜንታሪ መሰማቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከልቤ ደስ ይለኛል። ከወጣቶቹ መካከል በደንብ የሚያዩ አሉ። የመረጃ ችግር የለባቸውም፣ እንዲያውም ከድሮዎቹ ይበልጣሉ። ችግሩ መረጃው መብዛቱ ነው። ተጫዋቹ በስንት ሚሊዮን ፓውንድ እንደተገዛ፣ ባለፈው የውድድር ዓመት ስንት ለጎል የሚሆን ኳስ እንዳቀበለ እየነገሩን ኳሷ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ትገባለች። ጎሉ ሲገባ ይጮኻሉ፤ እንዴት እንደገባ ከድጋሚ ምስሉ እናያለን። ፊት ለተቀመጠው ምንም አይደለም። ዲኤስቲቪ ቤት ግን ዛሬም ከኋላ የሚቆም ልጅ አለ። አምስት ብር አጥሮት በር ላይ የሚያዳምጥ አለ። ማዕድ ቤት ምግብ እየሠራች ጆሮዋን ሳሎን የጣለች አለች። መብራት ተቆራርጦ ምስሉ የጠፋበትም አለ። ዓይነ ስውርም አለ።

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ሄጄ የሰፈር ልጆች የክረምት ውድድር አየሁ። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በድምፅ ማጉያ ጨዋታውን ያስተላልፋል። ድምፁ ይማርካል፣ አንደበቱ ርቱዕ ነው። እንደ አብዛኛው ወጣት ስለ አውሮፓ ክለቦች እያነጻጸረ ያወራል። በእረፍት ጠራሁትና አናገርኩት።

"ኮሜንታተር መሆን ትፈልጋለህ?"

"በጣም ጋሼ።"

"እንግዲያው ጓደኛህን አጠገብህ አስቀምጠው። ጀርባውን ወደ ሜዳው ያዙር። ለእሱ ብቻ ንገረው። ያልገባው ነገር ካለ ይጠይቅህ።"

ልጁ ሳቀ፤ ግን እሺ አለ። ጓደኛውን ድንጋይ ላይ፣ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዙሮ አስቀመጠው። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ልጁ ትንሽ እንዳወራ ጓደኛው ትከሻውን ነካ አደረገውና "ቆይ፣ የኛዎቹ ወደ የትኛው ጎል ነው የሚያጠቁት?" አለው።

ልጁ ደነገጠ። ማጉያውን አውርዶ ወደ እኔ ዞረ፣ ከዚያ መልሶ አነሳው። "ክቡራን ተመልካቾች፣ ቀይ የለበሱት የኛዎቹ ከመንገዱ በኩል ወደ ወንዙ ነው የሚያጠቁት። ሃምሳ ሁለተኛ ደቂቃ። ዜሮ ለዜሮ ናቸው።" ከሜዳው ማዶ በግ የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው እጁን አንስቶ "በል ቀጥል!" አለው።